አበልጅ ከመሆናችን በፊት

ምሥጋናው ወደ ኮከብ ቤት የሄደው ሊለያት እንጂ ሊያያት አልነበረም። ለራሱ የነገረው እንደዚያ ነው። የላከችለትን ደብዳቤዎች ሰብስቦ በጥቁር ፌስታል አደረገ፤ ፌስታሉን ኮቱ ውስጥ ሸጎጠና ከትምህርት ቤቱ በር ወጥቶ ወደ ደባርቅ መናኸሪያ ወረደ። ከሊማሊሞ በኩል የሚመጣው ነፋስ ፊት ይልጣል። በመንገድ ያገኘው ሁሉ «እንዴት ዋሉ መምህር» ይለዋል፤ እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። መምህር ነው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ነው፣ የዳባቱ የቄስ ሀብተ ሚካኤል የበኩር ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቆረጥኩ ካለ ቆረጠ።

አይ ምሥጋናው! ደብዳቤ ለመመለስ ሰው መላክ አይበቃም ነበር? ልቡ ሰበብ ፈልጎ ነው እንጂ።

ኮከብ ለቱሪስት ምግብ የምታበስል ኩክ ናት። አባቷ አቶ ደምለው በቅሎ ጭነው ፈረንጅ ይዘው ሳንቃ በርና ጊች ወደሚባሉት የተራራ ካምፖች ይወጣሉ፤ እሷም ድስትና ምድጃዋን አስጭና ከኋላ ትከተላለች። በጋውን ሙሉ ካምፕ ናት ማለት ይቻላል። ደብዳቤዎቿን የምትልከው በፓርኩ ጠባቂዎች፣ በስካውቶቹ እጅ ነበር፤ ሁሉም ጋዝ ጋዝ ይሸታሉ። በአንዱ ላይ እንዲህ ብላው ነበር፦ «ምስጌ፣ ዛሬ ዶሮ ጠበስኩ። ጾም ስለሆነ ጨውን አልቀመስኩትም፤ እንዲያው በእጄ ገምቼ ነው። ፈረንጁ ግን ሳህኑን ጠራርጎ በላና እጄን ጨበጠኝ። አንተም አንድ ቀን ሳልቀምስ የሠራሁትን ትበላልኛለህ።» ያንን ደብዳቤ ትራሱ ሥር አድርጎ ስንት ጊዜ እንዳነበበው እሱና እግዜር ናቸው የሚያውቁት።

ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌ እልካለሁ ብሏት ነበር። ለአባቱ ግን ትንፍሽ አላለም። የቄስ ልጅ የበቅሎ ነጂ ልጅ ሊያገባ ነው ብሎ ዳባት ላይ መናገሩን ሲያስብ ምላሱ ይተሳሰርበታል። እውነቱ ይነገር ከተባለ የሚወዳትን ያህል ያፍርባትም ነበር።

ታዲያ ሁዳዴ እንደገባ እትዬ ሸጊቱ ወተት አዩ። እትዬ ሸጊቱ የማርያም ማኅበር ዋና ናቸው፤ ያዩትን ለሰው ሳያካፍሉ ማደር አይሆንላቸውም። ኮከብ በማለዳ ላም ካላቸው ሰዎች ቤት ወተት በጠርሙስ ይዛ ስትወጣ አገኟት። ቀኑ ሳይመሽ ደባርቅ በሙሉ ሰማ። በሳምንቱ ደግሞ ግቢዋ ውስጥ ገመድ ላይ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቶ ታየ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ማን ይያዘው! ከጥቅምት ጀምሮ ካምፕ አልነበረች? ምሥጋናው ራሱ ያያት እንደሆነ መናኸሪያ ላይ፣ በጃኬቷ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ለሰላምታ ያህል ነው። አሰላ፣ ገመተ፣ ልጁ የእሷ ነው ብሎ ደረሰበት። እሷን ለብቻዋ ጠርቶ መጠየቅ ግን አልመጣለትም።

በምኵራብ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ በመዘምራን ጓደኞቿ ሁሉ ፊት አስቆማት። ጌታ ነጋዴዎቹን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት ወንጌል የሚነበብበት ዕለት ነው፤ ምሥጋናውም ጅራፉ ለእሱ የተሰጠ መሰለው።

«ቤትሽ ውስጥ ሕፃን አለ ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ወተቱስ?»

«ለእሷ ነው።»

«እናቷ ማን ናት?»

ኮከብ ቀና ብላ አየችው። ረዥም አስተያየት ነበር። ለእሱ የጥፋተኛ ዐይን መሰለው።

«አትጠይቀኝ ምስጌ» አለችው ቀስ ብላ። «በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አትጠይቀኝ።»

በሰው ፊት «ምስጌ» መባሉ እንደ ጥፊ ተሰማው። «እዚህ ምስጌ የሚባል ሰው የለም፤ ሰብሳቢ ነው ያለው። የመዝሙር ልብሱን መልሺ» አላት።

ኮከብ ነጩን ልብስ በራሷ በኩል አወለቀች። ከውስጥ የለበሰችው ስስ ሹራብ ነበር። ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ መልሳ፣ ጥንቅቅ አድርጋ አጠፈችውና ወጣች። ምሥጋናው የዚያን ዕለት ምሳውን በደንብ በላ። ልቡ ቀሎት ነበር። ኋላ ላይ ይህንን ባሰበ ቁጥር ፊቱን የሚሸፍንበት ቦታ ያጣ ነበር።

ዛሬ ሐሙስ ነው። በሩን አንኳኳ።

የከፈተችለት ኮከብ አልነበረችም። እህቱ ይታይሽ ናት። ጎንደር ኮሌጅ ናት ብሎ የሚያውቃት፣ ገና የልደት በዓል ሳይደርስ «ፈተና ስላለብኝ ዘንድሮ ዳባት አልመጣም» ብላ የደወለችለት ታናሽ እህቱ፤ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ሕፃን ታቅፋ።

«ወንድም ጋሼ…» አለችና ወደ ኋላ ሸሸች።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ጥያቄው አፉ ላይ ሳለ ነገሩ ገባው። በሩ አጠገብ ካለው የበቅሎ ኮርቻ ላይ ተቀመጠ።

«የእኔ ናት» አለች ይታይሽ። «አብሮኝ የሚማር ልጅ ነበር። ስነግረው ስልኩን አጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ አላውቅም።»

«ለምን ወደ እኔ አልመጣሽም? እኔ ደባርቅ እያለሁ! የገዛ ወንድምሽ!»

ይታይሽ ፊቷን ወደ ሕፃኗ ዝቅ አደረገች። ሕፃኗ ሳለች። ደረቅ፣ ትንሽ ሳል ነው።

«መጥቼ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከአውቶቡስ ወርጄ እስከ በርህ ደርሻለሁ። የዚያች ያለ ባል ያረገዘች የጎረቤታችን ልጅ ነገር የተወራ ዕለት ዳባት እራት ላይ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? እህቴ ብትሆን ኖሮ መቃብሯ ላይም አልቆም አልክ። አባባ እንኳ ተው አንተ ልጅ ብለውህ ነበር። ወጡን የማወጣላችሁ እኔ ነበርኩ፤ ጭልፋው እጄ ላይ ቀረ። ወንድም ጋሼ፣ ከአባባ ይልቅ አንተን ፈራሁ።»

ይታይሽ ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች።

«አምና ለጥምቀት ጎንደር ላይ ከኮከብ ጋር ያስተዋወቅከኝ አንተ ነህ። ከደጅህ ተመልሼ እሷ ጋ መጣሁ። ምንም አልጠየቀችኝም። እግሬን አጠበችኝ፣ አልጋዋን ለቀቀችልኝ፣ የካምፕ ሥራዋን ትታ አስታመመችኝ። ከወሊድ በኋላ በትኩሳት ተይዤ ጡቴ ደረቀ፤ ወተቱን የምትገዛው ለዚህ ነው። ለወንድሜ እንዳትነግሪ ብዬ በእመቤታችን አስማልኳት። እሑድ ያደረግካትን ሰማሁ። ከአልጋ ተነሥቼ ልመጣ ስል ተኚ ብላ መለሰችኝ።»

በዚህ መሐል ኮከብ ከጓሮ የታጠበ ጨርቅ ታቅፋ ገባች። አየችው። ከኮቱ ያፈተለከውን ፌስታልም አየች።

«ደብዳቤዎቼን ልትመልስ ነው?»

እጇን ዘረጋች።

«አምጣቸው። እሳት ማያያዣ ይሆናሉ። ቤቱ ለልጅቷ ይበርዳል።»

አልሰጣትም። ፌስታሉን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ቀና ብሎ የሚያይበት ዐይን አልነበረውም፤ ያየው የኮከብን እጅ ብቻ ነው። በውርጭ ውኃ ጨርቅ ስታጥብ ከርማ መገጣጠሚያው ሁሉ ተሰነጣጥቋል። ያንን እጅ በፍቅራቸው ዘመን ስንት ጊዜ በሐሳቡ ይስመው ነበር፤ አሁን ሊነካው አልደፈረም።

ኮከብ ጨርቁን ልታሰጣ ወደ በቅሎዎቹ ግርግም ስትወጣ ተከትሏት ወጣ።

«ኮከብ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ብዬሃለሁ» አለች ዞር ሳትል።

«መቼ?»

«ልብሱን ሳጥፍ። እዚያው ባልልህ ኖሮ ወደ ቤቴ መራመጃ አቅም አይኖረኝም ነበር።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እሱ ሲፈርድባት እሷ ይቅር እያለችው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ! እንባው መጣ፤ እንዳታየው ፊቱን ወደ በቅሎው አዞረ።

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹን ፋሲካን ሳልጠብቅ ልላክ» አለ። «ነገ ዳባት ሄጄ ለአባቴ እነግራቸዋለሁ።»

ኮከብ የመጨረሻውን ጨርቅ ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ወደ እሱ ዞረች። ዐይኗ ቀልቷል።

«እሑድ የልጅቷ ክርስትና ነው። ሰማንያ ቀኗ ሞላ። ሳሏን ሰምተሃታል፤ ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆን ይታይሽ አብራት ትሞታለች። ክርስትና የምታነሣልን ሴት ፈልጌ ደጁን ያልረገጥኩት ቤት የለም። ሁሉም እትዬ ሸጊቱን ይፈራሉ። የማን ልጅ እንደሆነች የማይታወቅ ልጅ አናነሣም አሉኝ። ስለዚህ እኔ ላነሣት ነው። ለአባ ወልደ ሩፋኤል ነግሬያቸዋለሁ።»

ምሥጋናው የሰማው ነገር ቀስ ብሎ ገባው።

«ኮከብ! አንቺ ክርስትና እናቷ ከሆንሽ እኮ…»

«ከይታይሽ ጋር አበልጅ ሆንኩ፤ ከአንተም ጋር ሆንኩ። አውቃለሁ። አበልጅ እንደማይጋባ ያስተማርከን አንተ ነህ፤ ያን ለታ ፊት ለፊት ተቀምጬ በትኩረት ሳዳምጥህ ነበር።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ሌላው ቢቀር እኔ ሳነሣት ልጄ እንዳልሆነች አገር ያያል።»

«ተዪኝ እያልሽኝ ነው?»

«እኔ አይደለሁም የተውኩህ። ልብሴን የተቀበልክ ዕለት ትተኸኛል። አሁን ደግሞ የእህትህ ልጅ ክርስቲያን ትሁን። ከእኛ ፍቅርና ከእሷ ነፍስ አንዱን ምረጪ ብትለኝና ፍቅራችንን ብመርጥ፣ አንተም እኮ ትንቀኛለህ።»

ይህን ብላ ወደ ቤት ገባች። ከውስጥ እሹሩሩ ስትል ድምጿ መሐል ላይ ሲሰበር ተሰማው። ምሥጋናው በቅሎዎቹ መሐል ቆሞ ቀረ። ንቆ የማያውቀውን ያህል የናቀው ራሱን ነበር።

በማግስቱ ይታይሽን ጠየቃት። «ስምሽን ለሰው ልናገር?»

«ተናገር» አለችው። «መደበቅ ደክሞኛል።»

እትዬ ሸጊቱ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ። ምሥጋናውን ሲያዩ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉ። ምንም አልደበቃቸውም፤ ስለ እህቱ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ወተቱ ነገራቸው። ኮከብ ካነሣቻት ጋብቻው እንደሚቀርም ነገራቸው።

«እርስዎ ቢያነሡልን እትዬ፣ ደባርቅ ላይ ከዚያ ወዲያ አፉን የሚከፍት ሰው የለም» አለ።

እትዬ ሸጊቱ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው ተመለከቱት። «ቆይ መምህር። አሁን የመጣኸው አጥፍተዋል ልትለኝ ነው?»

«አይ እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ…»

«እንዲያው ልንገርህ። እኔ ወተት አየሁ፤ ወተት አየሁ አልኩ። ምላሴ ረዥም ነው፤ ለነፍስ አባቴም የምናዘዘው ይህንኑ ነው። ልብሷን የገፈፋት ግን ማነው? እኔ ነኝ? ያንን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት እኔ ነኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«የሰው ልጅ ስትሆን ጅራፍ፤ የራስህ ሥጋ ስትሆን ምሕረት አማረህ?»

ምሥጋናው ከልጅነቱ ጀምሮ መልስ አጥቶ አያውቅም። በክርክር ጎንደርም ደባርቅም የሚችለው አልነበረም። አሁን ግን አልተከራከረም።

«አዎ እትዬ» አለ። «የራሴ ሥጋ ስትሆን ነው የገባኝ።»

እትዬ ሸጊቱ ይህንን አልጠበቁም። ምስራቸውን አንሥተው ለቀም ለቀም አደረጉ።

«እኔ ዲቃላ አላነሣም» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ ዕድሜዬ ማኅበሬን አላስቀይምም። ሂድ አንተ ልጅ።»

ወጣ። ደህና ዋል እንኳ አላሉትም። ፍርድ እንዲህ ይመርራል ለካ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሌላ ሲያጎርሰው እንጂ ራሱ አልቀመሰውም ነበር።

እሑድ መፃጉዕ ነው። የማርያም ደጅ ማልዶ ነጭ በነጭ ሆኗል። ይታይሽ ከሌሎቹ ወላዶች ጋር ወደ ክርስትና ቤቱ ገብታ አባ ወልደ ሩፋኤል የመንጻት ጸሎት ይደግሙላታል። ኮከብ ሕፃኗን በአዲስ ነጠላ ጠቅልላ ደጅ ቆማ እስክትጠራ ትጠብቃለች። ያደረችበት እንቅልፍ አልባ ሌሊት ፊቷ ላይ ይነበባል። ሰዉ ከሷ ራቅ ራቅ ብሎ ቆሟል። ምሥጋናውን ላለማየት ዐይኗን መሬት ላይ ተክላለች፤ ካየችው እንደምትሸነፍ ታውቃለች።

ድንገት ሰዉ ተንሾካሸከ። መንገድ ተከፈተ።

ምሥጋናው መጣ። ጫማውን አውልቋል። ማጅራቱ ላይ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚራመደው። በእኛ አገር እንዲህ የሚደረገው ለከባድ በደል ነው፤ ደም የተቃባ ሰው ነው እንዲህ አድርጎ ከበደለው ሰው እግር ሥር የሚወድቀው። ድንጋዩን ከማጅራቱ የሚያነሣለት ተበዳዩ ብቻ ነው፤ ካላነሣለት እንደተሸከመ ይቀራል። መምህር ሰውዬ ለበቅሎ ነጂ ልጅ ድንጋይ ሲሸከም ግን ደባርቅ አይታ አታውቅም።

ከኮከብ ፊት ተንበረከከ። አንዳንዱ ወጣት ሳቅ ሊል ሞከረና ዋጠው።

«መዘምራን እዚህ አላችሁ» አለ ምሥጋናው። ድንጋዩ ስለተጫነው ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ይህች ሕፃን የእህቴ የይታይሽ ልጅ ናት። እህቴ እኔን ፈርታ ከዚች ሴት ቤት ተጠጋች። ኮከብ አስጠግታ፣ አጥባ፣ አብልታ አኖረችልኝ። እኔ ሳልጠይቅ ፈረድኩባት። ልብሷን በፊታችሁ አስወለቅኳት፤ በፊታችሁ ነው ይቅርታ የምጠይቃት። ታስታርቁኝ ዘንድ አልመጣሁም። አፈርኩ፤ ማፈሬን እዩልኝ።»

የጠዋቱ ወሬ ገበያ ሳይቆም ዳባት፣ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ጆሮ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል።

ኮከብ እንባዋ በሕፃኗ ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል። ድንጋዩን ልታነሣለት ጎንበስ አለች፤ ግን ልጅቷን ታቅፋለች። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ በአንድ እጅ አይሞከርም። ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። ልጅቷን ለአፍታ የሚቀበላት ሰው ፈለገች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ወደ ታች ያያሉ፣ አንዷ ሌላዋን ትጠብቃለች። የምሥጋናው ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ኧረ ምን ትገተራላችሁ! ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እያያችሁ!»

እትዬ ሸጊቱ ናቸው። ሰዉን በክርናቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ መጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪያት ወዲህ።»

ኮከብ አመነታች፤ ከዚያም ሰጠቻቸው። በሁለት እጇ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አነሣችና ከጎኑ አስቀመጠችው። ማጅራቱ ተልጦ ደም ቋጥሯል። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ ጠረገችለት።

እትዬ ሸጊቱ ግን ወደ እነሱ አያዩም። እጃቸው ላይ ያለችውን ይመዝናሉ።

«ክብደቷ ይህች ናት?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ነጠላውን ገለጥ አድርገው ፊቷን አዩ። ሕፃኗ ሳለች። «ይህች ልጅ እኮ ወተት አልጠገበችም። ለዚች ነው ያ ወተት? ለዚች ነው ያን ያህል ያወራሁት?» ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈው ልጅቷ ላይ ደረቡ።

ከክርስትና ቤቱ በር ዲያቆኑ ተጣራ። «የይታይሽ ልጅ! ክርስትና እናት ማናት?»

ኮከብ ብድግ አለች። ከምሥጋናው ጋር ዐይን ለዐይን ተያዩ። ሁለቱም ያውቁታል፤ ያ አስተያየት የመጨረሻቸው ነው። ከዚያ በር ከተመለሰች በኋላ አበልጁ፣ እንደ እህቱ ናት። እጇን ወደ እትዬ ሸጊቱ ዘረጋች። «ይስጡኝ እትዬ።»

እትዬ ሸጊቱ ልጅቷን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

«እጅሽን ተመልከቺው፣ የድንጋይ አፈር ነው። በዚህ እጅሽ ልትይዣት ነው?»

«እጠበዋለሁ እትዬ…»

«ተይው። ታጥበሽ እስክትመጪ ልጅቷ ትበርዳለች።» ወደ በሩ ተራመዱ። ደርሰው ዞር አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ እንዲሰሙ ነው። «አባ ወልደ ሩፋኤል! የማነሣት እኔ ነኝ! ክርስትና ስሜ አመተ ማርያም ነው!»

በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ውኃው ሲነካት ሕፃኗ ስታለቅስ ተሰማ፤ የይታይሽም ለቅሶ አብሮ ተሰማ፤ የእልልታውን መጀመሪያ ያወጡት እትዬ ሸጊቱ ነበሩ። ደጅ የቆሙት ሴቶች አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

ምሥጋናው አሁንም ተንበርክኳል። ኮከብ አጠገቡ ቆማለች። የምትለው ብዙ ነበራት፤ ከካምፕ ሆና ልትጽፍለት የጀመረችው፣ ካለፈው እሑድ ወዲህ ለትራሷ የነገረችው።

«ተነሥ» አለችው።

«አፍራለሁ፣ ኮከብ።»

«እፈር» አለች፤ እጇን ዘርግታ። «ተንበርክከህ ግን ይበቃሃል። ቆመህ እፈር።»

አፈር የያዘውን፣ የተሰነጣጠቀውን እጇን ይዞ ተነሣ። ቀና ብሎ ሊያያት ግን ገና አልቻለም።